የመኪና ጩኸት እንቅልፍ ለነሳው የአዲስ አበባ ነዋሪ፦ አቤቱታን እስከ ፍርድ ቤት የማድረስ መመሪያ

አዲስ አበባ ውስጥ የመኪና ጩኸትን የሚመለከት ሕግ ያለ የማይመስለው ሰው ብዙ ነው። ሕጉ አለ፤ ቁጥርም አለው። አቤት ባዩ ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን የሚመለሰው ያ ቁጥር ለምን ነገር እንደተሰጠ ሳያጣራ ስለሚሄድ ነው።

በአገራችን የአካባቢ ድምፅ ደረጃ መሠረት በመኖሪያ አካባቢ የሚፈቀደው ከፍተኛው ልክ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ነው። በንግድ አካባቢ 65 እና 55፣ በኢንዱስትሪ አካባቢ ደግሞ 75 እና 70 ይሆናል። ቀን የሚባለው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ነው፤ ቀሪው ሌሊት ነው።

ልብ ይበሉ፤ ልኩ የተሰጠው ለሰፈሩ ነው። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት ክብደታቸው ከ6,000 ፓውንድ በታች የሆኑ መኪኖች የጭስ ማውጫ ድምፅ ከ95 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ሕጉ በቀጥታ ይወስናል፤ ኒው ዮርክ ከተማ ደግሞ ማይክሮፎን የተገጠመላቸውን ካሜራዎች መንገድ ዳር አቁማ የጮኸውን መኪና ታርጋ ታነሳለች። እነዚያ ሕጎች የሚያሳድዱት መኪናውን ነው። ከላይ ያየናቸው የእኛ ቁጥሮች ግን የሚጠይቁት «በዚህ ቦታ፣ በዚህ ሰዓት ምን ያህል ድምፅ አለ?» ብለው ነው። ስለዚህ ጮኾ ያለፈን መኪና ይዞ ወደ አካባቢ ጥበቃ መሄድ ብዙም አያዋጣም። የሚያዋጣው ጩኸቱ የሚመላለስበትን ቦታና የዚያን ቦታ ኃላፊ ማግኘት ነው። የሚከተሉት እርምጃዎች ሁሉ የተሠሩት በዚህ ሐሳብ ላይ ነው።

አንደኛ፦ የድምፁን ባለቤት መለየት

ወረቀት ከማንሳትዎ በፊት አንድ ምሽት መስኮትዎ አጠገብ ተቀምጠው ያዳምጡ። «መኪና ይጮኻል» ማለት ብቻውን አይበቃም። የሚጮኸው ክላክስ ነው? የተበሳ ማርሚታ ነው? ቆሞ የሚንተከተክ የናፍጣ ሞተር ነው? ወይስ የጎረቤት መኪና አላርም? ለእያንዳንዱ የሚሄዱበት በር የተለያየ ነው።

አቤቱታ የሚሠራው ከሁሉ በላይ ድምፁ ከአንድ ግቢ ሲወጣ ነው። ጋራዥ፣ የመኪና እጥበት፣ የጭነት መኪና ማደሪያ፣ የግንባታ ቦታ፣ የአውቶቡስ መነሻ ሊሆን ይችላል። እነዚህ አድራሻ፣ ኃላፊና አብዛኛውን ጊዜ የንግድ ፈቃድ አላቸው፤ ነገ ተመልሰው ቢሄዱም እዚያው ያገኟቸዋል። ፈቃድ ያለው ሰው ፈቃዱን ማጣት ስለማይፈልግ ደብዳቤን ያከብራል። ለዚህ ዓይነቱ ዋናው በር በክፍለ ከተማዎ ያለው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ነው።

የታክሲ ተራ ትንሽ ያስቸግራል፤ ሚኒባሶቹ ይለዋወጣሉ፣ ረዳቶቹም እንዲሁ። ተራው ራሱ ግን አይንቀሳቀስም፤ ተራ አስከባሪም አለው፣ ከበላዩም ማኅበር። ማስታወቂያ በሞንታርቦ እየለፈፈ የሚዞር መኪና ሲሆን የወረዳው ደንብ ማስከበር ዘንድ መሄድ ይሻላል። በየምሽቱ በደጅዎ እየተንደቀደቀ የሚያልፍ ማርሚታው የተቀደደ መኪና የትራፊክ ፖሊስ ጉዳይ ነው፤ ለዚህ የሚያስፈልግዎ የታርጋው ኮድ፣ ቁጥርና የክልሉ መለያ፣ የሚያልፍበት ሰዓትና አቅጣጫ ነው። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ካለፈ ፖሊሱ ቆሞ ሊጠብቀው ይችላል፤ አንዴ ብቻ ካለፈ ግን ይተዉት።

አምቡላንስንና የእሳት አደጋ መኪናን መቼም ማንም አይከስም። በጥርና በሚያዝያ ቅዳሜና እሁድ ክላክሱን እያንባረቀ የሚያልፈውን የሰርግ አጀብ በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፤ እልልታውን ሰምተው ያሳልፉት። አንድ ቀን በሚያልፍ ነገር ላይ የጎረቤት ፊርማ መሰብሰብ የሚያስገኘው ቅያሜ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ከባድ የጭነት መኪኖች በቀን ወደ ከተማዋ እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ጭነቱ ወደ ሌሊት ዞሯል። ለትራፊክ መጨናነቁ መልካም ሊሆን ይችላል፤ ግንባታ አጠገብ ለሚኖር ሰው ግን አሸዋና ድንጋይ የሚራገፈው 45 ዴሲቤል በተፈቀደበት ሰዓት ሆነ ማለት ነው። የእርስዎ ችግር ይህ ከሆነ ተጠያቂው ሾፌሩ ሳይሆን ጭነቱን የሚቀበለው የግንባታ ቦታ ነው። በአጥሩ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ የባለቤቱን፣ የተቋራጩንና የአማካሪውን ስም ይዟል፤ ፎቶ ያንሱት።

ሁለተኛ፦ መዝገብ መያዝ

አንድ ደብተር ይግዙ። ቀን፣ የተጀመረበት ሰዓት፣ ያቆመበት ሰዓት፣ የድምፁ ዓይነት፣ ከየት እንደመጣ፣ ከተቻለም ታርጋ፤ ለእያንዳንዱ ጩኸት አንድ መስመር። ሁለት ሳምንት በቂ ነው። ሰዓቱን በአገራችን አቆጣጠር ይጻፉ፤ «ሌሊት» ወይም «ከጠዋቱ» የሚለውን ግን አይርሱ፤ 12 ሰዓት ብቻ የሚል መዝገብ ማንንም አያሳምንም።

ጸጥታ የነበረባቸውንም ምሽቶች ይመዝግቡ። ሁልጊዜ ጩኸት ብቻ የሚል ደብተር የተጋነነ ይመስላል። «ረቡዕ፣ ምንም አልነበረም» የሚል መስመር ለቀረው ሁሉ እምነት ይጨምርለታል፤ ጩኸቱ ከግቢው ሥራ ጋር መያያዙንም ያሳያል፤ ጋራዡ ሲዘጋ ጸጥታ፣ ሲከፈት ጩኸት።

ቪዲዮ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከራስዎ መስኮት ወይም ከበረንዳዎ ይቅረጹ። ወደ ሾፌሩ ተጠግቶ ስልክ መደቀን ጠብ ያመጣል፤ ጠቡ ከተነሳ ደግሞ ጉዳዩ የድምፅ መሆኑ ይቀርና የስድብ ይሆናል።

ሦስተኛ፦ በስልክ መለካት

በስልክ ላይ የሚጫኑ ነፃ የድምፅ መለኪያዎች አሉ። ስልክ የተረጋገጠ መሣሪያ አይደለም፤ ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው ጥቂት ዴሲቤል ይለያያል። ስለዚህ ልኬቱን ማስረጃ ነው ብለው አይከራከሩበት፤ የጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ መሣሪያውን ይዞ እንዲመጣ የሚያነሳሳ መነሻ አድርገው ያቅርቡት።

ስለ ቁጥሮቹ አንድ ነገር ይወቁ፤ ዴሲቤል እንደ ብርና እንደ ኪሎ አይደመርም። አንድ ዓይነት ድምፅ ያላቸው ሁለት ሞተሮች አብረው ሲነሱ ልኩ የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው። የ10 ዴሲቤል ጭማሪ ማለት የድምፁ ኃይል አሥር እጥፍ ሆነ ማለት ሲሆን ጆሯችን የሚሰማው እጥፍ ያህል አድርጎ ነው። ስለዚህ 55 በተፈቀደበት ቀን 58 ሆነ ብሎ መጮህ ብዙ አያስኬድም፤ 45 በተፈቀደበት ሌሊት 65 መሆኑ ግን ከባድ ጉዳይ ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ አንድ ሜትር ርቀት ላይ የሚደረግ ተራ ጭውውት ወደ 60 ዴሲቤል ይጠጋል፤ የመኪና ክላክስ በቅርብ ርቀት ከ100 ያልፋል።

አለካኩ ቀላል ነው። በመለኪያው ላይ «ኤ» የሚለውን ሚዛን ይምረጡ፤ የሰውን ጆሮ የሚመስለው እሱ ነው። ስልኩን ክንድዎን ዘርግተው ይያዙ፤ ግድግዳ አጠገብ አይቁሙ፤ ነፋስ ወይም ዝናብ ካለ ይተዉት። ቢያንስ አሥር ደቂቃ ይለኩና ከፍተኛውን ብቻ ሳይሆን አማካዩንም ይጻፉ። ከዚያም ጩኸቱ በሌለበት ሰዓት በዚያው ቦታ ደግመው ይለኩ። ይህ ሁለተኛው ልኬት ከመጀመሪያው ይልቅ ይጠቅማል ብል አላጋነንኩም፤ ዋና መንገድ ዳር የሚኖሩ ከሆነ ያለ ጋራዡም ድምፁ ከደረጃው በላይ ሊሆን ስለሚችል፣ የጋራዡን ድርሻ የሚያሳየው ልዩነቱ ነው። በመጨረሻም ከድምፁ ምንጭ ያለዎትን ርቀት ይጻፉ። በክፍት ቦታ ከአንድ ምንጭ የሚወጣ ድምፅ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል፤ ርቀቱ ያልተጻፈበት ቁጥር ለባለሙያ ብዙም አይረባውም።

አራተኛ፦ ከአቤቱታ በፊት መነጋገር

ብዙው ጉዳይ እዚህ ላይ ያልቃል፤ ወይም እዚህ ላይ ይበላሻል። ሌሊት በንዴት ሄዶ አጥር መደብደብ አይጠቅምም። በማግስቱ በቀን፣ ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር ይሂዱ፤ የእድር ዳኛ ወይም የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ቢሆን ይመረጣል። ጋራዥ ሲሄዱ ባለቤቱን እንጂ ሠራተኛውን አያናግሩ። ጥያቄዎ ጠባብ ይሁን። «ጩኸት አቁሙ» ከሚሉ «ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ሞተር አስነስታችሁ አትሞክሩ» ይበሉ። ጠባብ ጥያቄ እሺ ለማለት ይቀላል፤ እሺ የተባለው ሲፈርስም በግልጽ ይታያል።

የታክሲ ተራ ላይ ተራ አስከባሪውን «አባቴ፣ እዚያ ፎቅ ላይ አራስ አለች» ቢሉት ከማንኛውም የአዋጅ አንቀጽ ይልቅ ቶሎ ሊሰማዎት ይችላል። ይህን የምለው ሕጉን ለማቃለል አይደለም፤ ሰውየው በዚያች ተራ ላይ ሥልጣን ያለው እሱ ስለሆነ ነው።

አላርም ሲሆን ደግሞ ባለቤቱ ብዙ ጊዜ አያውቅም፤ ከቤት ርቆ ይሆናል ወይም እንቅልፉ ከባድ ነው። መስታወቱ ላይ ትሕትና ያለው ወረቀት ይተዉለት። የአላርሙ የንዝረት መቆጣጠሪያ ከልክ በላይ ስሱ ሆኖ ይሆናል፤ ኤሌክትሪሺያን በደቂቃዎች ውስጥ ይቀንሰዋል።

የተነጋገሩበትን ቀንና የተባለውን በደብተርዎ ያስፍሩ።

አምስተኛ፦ ፊርማ ማሰባሰብና አቤቱታ መጻፍ

የአንድ ሰው አቤቱታ በሕግ በቂ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳይኖርበት አቤት ማለት እንደሚችል ይናገራል። ተከራይ ነህና አያገባህም የሚል ቢመጣ መልሱ ይኸው ነው። ይሁንና አሥር ፊርማ ያለው ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አንድ ፊርማ ካለው ይልቅ ይከብዳል። እድሩ ወይም የኮንዶሚኒየሙ ነዋሪዎች ማኅበር ማኅተም ካለው ያስመቱበት።

አቤቱታው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። በዚህ መልክ ሊጻፍ ይችላል፦

«ለ… ክፍለ ከተማ አካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ ከተፈቀደው ልክ በላይ የሆነ የተሽከርካሪ ድምፅ እንዲቆም ስለመጠየቅ

እኛ ስማችንና ፊርማችን በአባሪው የተዘረዘረው የወረዳ … ነዋሪዎች፣ በመኖሪያችን አጠገብ የሚገኘው የተሽከርካሪ ጥገና ቤት ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ የከባድ መኪና ሞተር እያስነሳ በመሞከሩ እንቅልፍ አጥተናል። ከመስከረም 20 እስከ ጥቅምት 3 የያዝነው መዝገብ ተያይዟል። ባለቤቱን በቃል አነጋግረን መፍትሔ አላገኘንም። በአዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 መሠረት፣ 1ኛ በምሽት ሰዓት ልኬት እንዲወሰድ፣ 2ኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ድምፅ የሚያወጣ ሥራ እንዲቆም፣ 3ኛ የተሰጠው ውሳኔ በጽሑፍ እንዲገለጽልን እንጠይቃለን።»

የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 44፣ ማለትም በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብትን፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጥቀስ ይችላሉ። ከዚያ በላይ የሕግ ጥቅስ አይደርድሩ። አንባቢው ባለሙያ የሚፈልገው ቦታውን፣ ሰዓቱንና ምን እንዲደረግ እንደተፈለገ ነው።

ስድስተኛ፦ መዝገብ ቤት ማስገባትና ቀን መቁጠር

አቤቱታውን ለሚያውቁት ባለሙያ በእጁ አይስጡ። በሁለት ቅጂ ይዘው መዝገብ ቤት ይሂዱ፤ አንዱን ያስገቡ፣ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፈው ማኅተም አስመትተው ይመለሱ። ይህች ማኅተም ያለባት ቅጂ ከደብተርዎም ከቪዲዮዎም በላይ ዋጋ አላት፤ ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ከእሷ ነው።

አንቀጽ 11 የሚለው እንዲህ ነው፦ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም በተሰጠው ውሳኔ ካልረኩ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም የ30 ቀኑ ጊዜ ካለፈበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መክሰስ ይችላሉ። በእኛ አቆጣጠር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ሒሳቡ ያለ ወረቀት ይሠራል። ጥቅምት 5 ያስገቡት አቤቱታ 30 ቀኑ ኅዳር 5 ይሞላል፤ ከዚያ የክሱ 60 ቀን ጥር 5 ያበቃል። ጳጉሜን መሐል ከገባች ብቻ ተጠንቅቀው ይቁጠሩ።

ዝምታም መልስ የሚሆንበት ይህ አንቀጽ፣ በኔ አስተያየት፣ ከጠቅላላው የሕግ ማዕቀፍ ለተራ ነዋሪ ከሁሉ የሚጠቅመው ነው። «ነገ ተመለሱ» የሚለው አሠራር ከ30 ቀን በኋላ መሥሪያ ቤቱን እንጂ እርስዎን አይጎዳም፤ የ60 ቀኑን ገደብ እስካላሳለፉ ድረስ። ብዙ ሰው ግን ተስፋ እየተሰጠው ሲመላለስ ይህኛውን ገደብ ያሳልፋል። በሃያኛው ቀን ገደማ ሄደው አቤቱታው የት እንደደረሰ በትሕትና ይጠይቁ፤ በሠላሳ አንደኛው ቀን ግን ለራስዎ ይወስኑ።

ሰባተኛ፦ የልኬቱ ቀን

ባለሙያ ሊለካ ሲመጣ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በሥራ ሰዓት፣ ለምሳሌ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት የተወሰደ ልኬት የሌሊቱን ችግር አያሳይም፤ የሚነጻጸረውም ከ55 እንጂ ከ45 ጋር አይደለም። በአቤቱታው ላይ «በምሽት ሰዓት» ብለን በቁጥር 1 ያስቀመጥነው ለዚህ ነው። የማይቻል ከሆነ ቢያንስ ከጠዋቱ 12 ሰዓት በፊት ወይም ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ያለ አንድ ልኬት እንዲጨመር በጽሑፍ ይጠይቁ። ሌላው የሚያከራክረው ጉዳይ ሰፈሩ የመኖሪያ ነው ወይስ የንግድ የሚለው ነው። ምድር ቤቱ ሱቅ፣ ፎቁ መኖሪያ በሆነበት ከተማ ጋራዡ «ይህ ንግድ አካባቢ ነው» ብሎ 65ን ሊጠቅስ ይችላል። የወረዳው የመሬት አጠቃቀም ፕላን ምን እንደሚል አስቀድመው ይጠይቁ። በነገራችን ላይ የንግድ አካባቢም ቢሆን ሌሊት 55 ነው፤ ከባድ መኪና ሞተሩን እያስጓራ ከዚያ በታች አይሆንም።

ልኬቱ ሲወሰድ ቦታውን፣ ሰዓቱንና ቁጥሩን በደብተርዎ ይጻፉ፤ የቃለ ጉባኤው ቅጂም እንዲሰጥዎ ይጠይቁ።

መሐል ላይ፦ የራስዎ መኪና

አቤት ባይ መኪና ካለው ጎረቤት መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ማርሚታዎ የተበሳ ወይም ማሰሪያው የላላ ከሆነ ያስበይዱት። ይህ የድምፅ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ከሚያፈስ የጭስ ማውጫ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ተሳፋሪው ክፍል ሊገባ ይችላል፤ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። አንዳንድ ጋራዥ የማርሚታውን ውስጥ አውጥቶ «ጉልበት ይጨምራል» ይላል። በተራ የቤት መኪና ላይ የሚጨምረው ጩኸት ነው፤ ለቦሎ ዓመታዊ ምርመራ ሲያቀርቡትም ራስ ምታት ይሆንብዎታል። የጭነት መኪና ጥሩምባ በትንሽ መኪና ላይ ማስገጠምም እንዲሁ ነው። ከባድ መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ የሚያሰማውን ማስጠንቀቂያ ግን አይንኩት፤ የልጅ ሕይወት ያድናል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ በየመንገዱ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው። በዝግታ ሲሄዱ ሞተራቸው አይሰማም ማለት ይቻላል፤ ፍጥነት ሲጨምር ግን የሚሰማው የጎማው ድምፅ ስለሆነ ከሌላው ብዙም አይለዩም። ክላክሳቸውም ያው ነው።

ስምንተኛ፦ ፍርድ ቤት

እዚህ ከደረሱ ጠበቃ ያማክሩ፤ ሁለት መንገድ ስላለ ነው። አንዱ በአንቀጽ 11 የሚቀርበው ክስ ሲሆን ባለ ማኅተሟን ቅጂ፣ ካለም ያልረኩበትን ውሳኔ አያይዘው በ60 ቀኑ ውስጥ ያቀርቡታል።

ሁለተኛው የቆየው የፍትሐ ብሔር ሕግ መንገድ ነው። የ1952ቱ ሕግ አንቀጽ 1225 ባለ ንብረት በይዞታው ሲገለገል ጎረቤቱን እንዳያውክ ያዛል፤ ጭስን፣ መጥፎ ሽታን፣ ድምፅንና ንዝረትንም በስም ይጠቅሳል። የአካባቢውን ልማድና የቦታውን ሁኔታም ከግምት ያስገባል፤ ስለዚህ ከእርስዎ በፊት ለዓመታት የነበረ ጋራዥ ይህን አንስቶ ሊከራከር ይችላል። በአንቀጽ 1149 ደግሞ በይዞታው ላይ ሁከት የተፈጠረበት ሰው ሁከት ይወገድልኝ ብሎ መክሰስ ይችላል፤ ይህ ክስ ሁከቱ ከተፈጠረ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። እንግዲህ በደብተርዎ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የተጻፈው ቀን እዚህም ያስፈልጋል ማለት ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ የከተማው ፍርድ ቤቶችና የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የዳኝነት ሥልጣን የተከፋፈለ ስለሆነ ክሱን ከመጻፍዎ በፊት የትኛው እንደሚቀበለው ይጠይቁ፤ በሥልጣን ምክንያት ተመልሶ የባከነ ሳምንት ከ60ው ቀን ላይ ይቀነሳል። ሲሄዱ ደብተሩን፣ ቪዲዮውን፣ የልኬቱን ቃለ ጉባኤና የጎረቤቶችን ስም ዝርዝር ይያዙ። ምስክር የሚሆኑትን አስቀድመው ያናግሩ፤ አቤቱታ ላይ የፈረመ ሁሉ ችሎት አይቆምምና።